ማንም አልገፋኝም

እዮኤልን «ቁልፉ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በዚህ አልኮራም፣ አላፍርምም። ጆሃንስበርግ ውስጥ ባኪ የሚሏትን ትንሽ የጭነት መኪና ነው የምነዳው፤ ከጄፒ ገበያ ሸቀጥ ጭኜ በየሎኬሽኑ፣ በየድሆቹ ሰፈር፣ ላሉ የአገራችን ልጆች ሱቆች አደርሳለሁ። ከዘይቱና ከስኳሩ ጋር ወሬም ይጫናል። ጠዋት ከእኔ አፍ የወጣ ስም ማታ አይቮሪ ፓርክ ደርሶ ያድራል። ሰው «ለማ ምላሱ ክፉ ነው» ይላል። ሱቃቸው ስደርስ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሸቀጡ አይደለም።

ቁልፉ የተባለው በምሕረቱ ሞት ነው። እዮኤልና ምሕረቱ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ካለ አንድ መንደር የመጡ አብሮ አደጎች ናቸው፤ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ በጋራ ነበራቸው። የስፓዛ ሻጭ እንደ እስረኛ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ዳቦና ሳሙና በቀዳዳ ያቀብላል። እኛ ደግሞ አዲስ ለመጣ ልጅ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የምንነግረው ደንብ አለን፤ ተኩስ ከሰማህ ቆልፍ፣ ውጭ የቀረ ውጭ ነው። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ምሕረቱ ቆሻሻ ሊጥል ወጣ፣ እዮኤል ከኋላው ቆለፈ። ወዲያው መሣሪያ የያዙ ልጆች መጡ። ምሕረቱ ሮጦ ፍርግርጉን ያዘ። «እዮኤል ክፈት! እዮኤል!» እያለ ሲጣራ አጥር ለአጥር ያለችው ጎጎ ሰምታለች። አሮጊቷ ቋንቋችንን አትችልም፤ ስሙን ግን ትለየዋለች፣ በየቀኑ ዳቦ የምትገዛው ከእሱ ነው። ቁልፉ እዮኤል ኪስ ውስጥ ነበር። አልከፈተም። ምሕረቱን ፍርግርጉን እንደያዘ ገደሉት።

እኔ ብሆን እከፍት ነበር? አላውቅም። ከእኔ በቀር አላውቅም የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም «እኔ ብሆን» ይላል።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። የምሕረቱ ሚስት ደስታነሽ ቤሪያ ውስጥ፣ አሳንሰሩ ከሞተ ዘመን ባስቆጠረ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። በአገራችን ወግ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ጆሃንስበርግ መሀል ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከአንድ ፈራሽ ቤት ቀይ ጡብ አንስቼ አመጣሁለት። እዮኤል ያንን ጡብ በማጅራቱ ተሸክሞ ደረጃውን ሁሉ ወጣና ደስታነሽ እግር ሥር ተደፋ።

«ለምን አልከፈትክም?» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«ፈራሁ» አለ። «ልከፍት ፈልጌ ነበር። ፍርሃት እጄን አሰረው። እጄ እምቢ አለኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም» ብሎ ሊተርት ጀምሮ ነገሩ አላምር ሲለው ተወው። በመጨረሻ ደስታነሽ ተነሣች። «እግዚአብሔር ፈሪ አድርጎ የፈጠረውን ሰው እኔ ምን አደርገዋለሁ?» አለች። «እጅህ ከታሰረ ገዳይ አይደለህም። ይቅር ብዬሃለሁ።» ጡቡንም ከማጅራቱ ላይ በገዛ እጇ አነሳችለት። ተጸለየ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ታረቁ ተባለ። ጡቡ እዚያው ቀረ፤ ነፋስ በሩን እንዳያላትመው የበር መደገፊያ አደረገችው። እሷ ቤት በገባሁ ቁጥር እግሬን ይመታኛል።

እዮኤል ሱቁን ብቻውን ቀጠለ። ፈሪ ተብሎ ይቅር መባሉ ለጊዜው አሳርፎት ነበር፤ ፈሪ ተብሎ መኖሩ ግን አልተቻለውም። ቸርች ሲገባ ወጣቶቹ ኪሳቸውን መታ መታ ያደርጋሉ፣ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው። ያንን ያስለመድኳቸው እኔ አይደለሁም፣ ግን እስቅ ነበር።

ይሁን ብሎ በዚያው ይኖር ነበር፣ ሰላማዊት ባትመጣ። ሰላማዊት በመዘምራን ውስጥ ናት፤ አጎቷ ጄፒ ላይ ብርድ ልብስ ይነግዳል፣ እሷም እዚያው ትሸጣለች። ከዚያ ሁሉ ወንድ መርጣ ቁልፉን ወደደች። ሰው ሲያሾፍባት «ፈሪ ባል ጥሩ ነው፣ በጊዜ ቤቱ ይገባል» ትል ነበር። «እጁ የታሰረን ሰው ምን ትሉታላችሁ? የሟች ሚስት ይቅር ያለችውን እናንተ ምን አገባችሁ?» እያለች ትሟገትለታለች። አጎቷ ግን አሻፈረኝ አለ። እዮኤል የላካቸውን ሽማግሌዎች ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ አስቀምጦ «የእህቴን ልጅ ለቁልፉ አልሰጥም» አላቸው። «ነገ ሌባ ቢመጣ እሷን ውጭ ትቶ ይቆልፋል። ወንድ መሆኑን መጀመሪያ ለሰው ያሳይ።» ሽማግሌዎቹን ያደረስኳቸው እኔ ስለሆንኩ መልሱን ለእዮኤልም ያደረስኩት እኔ ነኝ። አንድም ቃል አላስቀረሁም።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ከቸርች ወጥተን ከከተማው ራቅ ወዳለ ቦታ ዕቃ ልናደርስ አብሮኝ ሄደ። ስንመለስ በበቆሎ እርሻ መሀል እያለፍን ሳለ ሰማዩ ላይ ባለ ቀለም ፓራሹቶች ታዩ።

«ለማ፣ አቁም።»

«ምን ሆንክ?»

«አቁም አልኩህ!»

ወርዶ የመዝለያው ሜዳ በር ላይ ያለውን ዘበኛ «ሳውቦና ባባ» ብሎ ሰላም አለውና ወታደሮች እንደሆኑ ጠየቀው። ዘበኛው ሳቀ። «የምን ወታደር? ሥራ የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። የፈለገ ይማራል፣ ይዘላል።» በዚያው ሰዓት አንዲት ሴት ከአንድ ነጭ ሰውዬ ጋር በቀበቶ ተጣብቃ ሜዳው ላይ አረፈች። እዮኤል አፉን ከፍቶ ያያታል።

«እንደ እሷ ከዘለልክ ደግሞ "ታዝሎ ወረደ" ነው የምልህ» አልኩት። «ብቻህን ካልሆነ አይቆጠርልህም።»

ዞሮ አየኝ። ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሱ ግን ያን ቀን ቀልድ አልሰማም።

ቅዳሜ ትምህርት ጀመረ። የወር መጨረሻ ቅዳሜ ነው፤ ሎኬሽኑ ውስጥ የመንግሥት ድጎማ የተቀበለ ሁሉ የሚገበይበት። እንዲህ ባለ ቀን ሱቅ የሚዘጋ ሐበሻ ወይ ሞቷል ወይ አብዷል። እንግሊዝኛው ከዳቦና ከስልክ ካርድ ስለማያልፍ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። አሰልጣኟ አፍንጫዋን ፀሐይ የላጣት ቀጭን ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው «አንድ ነገር ቢደርስብህ ለማን ይደወል?» ብላ ነው። እዮኤል ወደ እኔ ጠቆመ። በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ መርዶውን የሚቀበልለት፣ ዘይት የሚያመጣለት ሹፌር ብቻ ነበር። ትንሽ ደነገጥኩ።

ቀኑን ሙሉ አለማመደችው። መሬት ላይ የቆመ፣ ክንፍና በር ብቻ የቀረው የድሮ አውሮፕላን አለ፤ ከእሱ እግሩን አውጥቶ የክንፉን ብረት ይዞ መንጠልጠል፣ ከዚያ መልቀቅ። ሲለቅ ሆዱን ወደፊት ገፍቶ እጅና እግሩን ወደኋላ መዘርጋት። ፓራሹቱን ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረ ገመድ ራሱ ስቦ ይከፍተዋል፤ የእሱ ሥራ ቀና ብሎ በደንብ መከፈቱን ማየት ነው። ከተበላሸ ይህን እጀታ ስቦ ፓራሹቱን መጣል፣ ያኛውን ስቦ መጠባበቂያውን መክፈት። ሲያርፍ እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በጎኑ መውደቅ። መጋዘኑ ውስጥ በቀበቶ አንጠልጥላው «ገመዱ ተጠማዟል! ምን ታደርጋለህ?» እያለች ትጮህበታለች። ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ ይህን ልመስክርለት። እጁ ሲታዘዝለት እያየሁ ተገረምኩ።

መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፤ «እዚህ ማንም ማንንም አይገፋም። በሩ ተከፍቶ ሳለ አልፈልግም ካልክ ጭንቅላትህን ነቅንቅ፣ ከአብራሪው ጋር ትወርዳለህ። ማንም አይስቅብህም።»

ተረጎምኩለትና ከራሴ ጨመርኩበት፤ «ማንም አይስቅብህም የምትለው ስለ እነሱ ነው። እኛ እንስቃለን።»

«አውቃለሁ» አለ።

ያን ቀን ግን ነፋሱ በረታ። ሜዳው ዳር የተሰቀለው ነፋስ አመልካች ጨርቅ ተወጥሮ አልወርድ አለ፤ ጀማሪ በእንዲህ ያለ ነፋስ አይዘልም ተባለ። እስኪመሽ ጠብቀን ተመለስን። ማታ በስልክ ግሩፓችን ላይ «ቁልፉ ያልዘለልኩት በነፋስ ነው አለ» ብዬ ጻፍኩ። ሲስቁ አደሩ። ሰላማዊት ብቻ «ለማ፣ እግዚአብሔር ይይልህ» ብላ ላከችልኝ። በማግስቱ እዮኤል ስኳሩን ሲቀበለኝ ፊቱን አላዞረብኝም። «በሚመጣው ቅዳሜም ትወስደኛለህ?» ብቻ አለኝ።

በሚመጣው ቅዳሜ ሰማዩ ጭጭ ብሎ ነበር። ከወገቡ እስከ ትከሻው አስረው ሲያዘጋጁት ከንፈሩ አመድ መሰለ። ትንሿ አውሮፕላን ተነሥታ እየዞረች እየዞረች ወጣች፤ ድምፅዋ ሲቀንስ ዝንብ አከለች። እኔ መሬት ላይ ነኝ። «ጌታ ሆይ፣ ጭንቅላቱን ይነቅንቅና ይውረድ፣ አልስቅበትም» ብዬ ለመንኩ። ከዚያ ከክንፉ ሥር አንድ ነጥብ ተንጠለጠለች፤ ጥቂት ቆየችና ተላቀቀች። ፓራሹቱ ተከፈተ፣ ብርቱካናማ። ጮህኩ፣ አለቀስኩም። ይህን ልጅ ለአፍታ እንደ ታናሽ ወንድሜ ወደድኩት።

ከመሬት የሚመራው ሬዲዮ በጆሮው «ግራ፣ ግራ» እያለው እሱ ቀኙን ስቦ በቆሎው ውስጥ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ ፊቱ በቅጠል ተቧጭሮ ይስቃል፣ ይንሰቀሰቃልም። በሁለት እጁ ያዘኝ።

«ያው ፍርሃት ነው፣ ለማ! ያን ቀን የያዘኝ ያው ራሱ! በሩ ሲከፈት መጣ፣ አወቅሁት። ግን ፍርሃት እጅ አያስርም። እጄን ታዘዝ ብዬ አዘዝኩት፣ ታዘዘልኝ!»

«አንተ ጀግና!» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

በእነሱ ወግ መጀመሪያ የዘለለ ሰው ለሁሉም ቢራ ይጋብዛል። እዮኤል ጴንጤ ነው፣ ቢራ አይነካም፤ ከሱቁ ያመጣውን ቀይ የልጆች ለስላሳ አደላቸው። ነጮቹ ሁሉ ምንም ሳይሉ ጠጡለት። አሰልጣኟ ቆቧ ላይ ባለው ካሜራ የቀረጸችውን ሰጠችን፣ እኔም ገና መንገድ ላይ ሳለን ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ከዚያ ወዲያ ስልኬ አላረፈም። ኪሳቸውን ይመቱ የነበሩት ወጣቶች «አንበሳ» አሉት። ከደርባን፣ ከኬፕታውን፣ ከሆሳዕና ሳይቀር ተደወለ። አጎትየውም በሦስተኛው ቀን «እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ» ብሎ ላከ።

እሑድ ጠዋት ደስታነሽ ደወለችልኝ። «ለማ፣ እኔም ልምጣ፣ ውሰደኝ።» ደስ አለኝ፤ የሟች ሚስት ከመጣችማ ነገሩ ሁሉ አማረ። ቤሪያ ወጥቼ አመጣኋት። በትልቅ የገበያ ፌስታል የሆነ ነገር ይዛ ነበር፤ ልሸከምላት ስቀበላት ክንዴን ጎተተኝ።

«ምን ጭነሽ ነው?»

«የሰው ዕቃ ነው። ልመልስ።»

ስንወጣ ነፋሱ በሯን ከኋላችን አላተመው። ዞሬ አላየሁም።

ሮዘተንቪል ቤቱ ሞልቷል። ሰላማዊት ነጭ ለብሳ ሳምቡሳ ታዞራለች፣ ፈገግታዋን መቆጣጠር አቅቷታል። እዮኤል በአዲስ ሸሚዝ በሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጧል። አጎትየው ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አስገናኝቶ «እስቲ ሁላችንም እንየው» አለ። በትልቁ ስክሪን ላይ ታየ፤ በሩ ሲከፈት፣ ነፋሱ ሸሚዙን ሲያራግበው፣ አሰልጣኟ ትዘላለህ ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ እሱ በራሱ ወደ ውጭ እግሩን ሲያወጣ፣ ብረቱን ይዞ ሲንጠለጠል፣ ዞሮ ሲያያትና ሲለቅ። «ሃሌሉያ!» ተባለ፣ ተጨበጨበ።

«ድገሙልኝ» አለች ደስታነሽ።

ተደገመላት። ዓይኗን ከእጆቹ ላይ አላነሳችም።

«ያቺ ሴትዮ ገፋችህ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ኧረ ማንም አልገፋኝም፣ እህቴ» አለ እዮኤል። «ራሴ ነኝ የወጣሁት።»

«አልፈራህም?»

እሱ ሊያቅማማ ነበር። እኔ ግን ዝምታ አይሆንልኝም። «ሜዳው ላይ ያልከኝን ንገራቸው እንጂ!» አልኩት። «ንገራቸው፣ ይስሙህ!» ሰዉም «ንገረን! ንገረን!» አለ። ሰላማዊት ሳምቡሳውን እንደያዘች ቆማ ትጠብቃለች። ልጁ ያን ያህል ሰው በፍቅር ሲያየው የመጀመሪያው ነው፤ ፊቱ ፈካ።

«ፈርቻለሁ» አለ። «ሞቴን እስካይ ነው የፈራሁት። ምሕረቱ የሞተ ቀን የያዘኝ ያው ፍርሃት ነው፣ ልክ እንደዚያው። ግን አንድ ነገር ተማርኩ። ፍርሃት እጅ አያስርም። ሰው ከፈለገ እጁ ይታዘዝለታል።»

ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አጎትየው ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገቱን ሲደፋ አየና አወረደው። እዮኤል ራሱ ያለውን ገና አልሰማም ነበር፤ ፈገግ እንዳለ ነው። ደስታነሽ ጎንበስ ብላ ከፌስታሉ ውስጥ ቀዩን ጡብ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከለስላሳው ጠርሙሶች መሀል፣ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ይኸው ዕቃህ» አለችው። «ማንም ካልገፋህ፣ ያን ቀን ማን ያዘህ?»

አፉን ከፈተ። ከንፈሩ እንደገና አመድ ሆነ።

አንገታቸውን የደፉት ሽማግሌ «እህት ደስታነሽ፣ ይህ እኮ የታረቀ ነገር ነው...» ብለው ጀመሩ።

«እኔ የታረቅሁት እጁ ከታሰረ ሰው ጋር ነው» አለቻቸው። «ይሄኛውን አላውቀውም። ይህ የምሕረቱን ጥሪ ቆሞ የሰማ ነው፤ መክፈት እየቻለ። አሁን በራሱ አፍ ነገራችሁ።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ኮታቸውን ፈለጉ። አጎትየው ቴሌቪዥኑን አጠፋ። እዮኤል ወደ ሰላማዊት ዞረ፤ ሁሉም ቢተወው እሷ እንደማትተወው ያምን ነበር፣ እኔም አምኜ ነበር። እሷ ሳምቡሳውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ፈሪ ነው እያልኩ ነበር የምሟገትልህ» አለችው። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ተሰበረ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ቁልፉ ሲዞር ሁላችንም ሰማን።

እዮኤል ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። በመዳፉ መታው። «ሰላማዊት፣ ክፈቺ። ላስረዳሽ። ክፈቺልኝ፣ ሰላማዊት!» ከውስጥ ለቅሶ ይሰማል፣ የሚከፍት ግን የለም። እንደገና መታ። እጀታውን ይዞ ነቀነቀው። እኔ ተነሥቼ ልይዘው ይገባኝ ነበር፤ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ምን ብዬ እይዘዋለሁ?

ደስታነሽ አልተጣደፈችም። ባዶውን ፌስታል አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ልጁ የሰላማዊትን ስም እየጠራ በሩን ሲደበድብ አዳመጠች። ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ግንባሩን በሩ ላይ እስኪያስደግፍ ጠብቃ ተነሣች።

«ምሕረቱ ከዚህ የበለጠ ተጣርቷል» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ለማ፣ ቤት አድርሰኝ።»